አገርን በልቦለድ መዞር፦ የአማርኛ ልብ ወለዶች ሥፍራዎች

ስለ አማርኛ ልቦለድ ገጸ ባሕርያትና ጭብጥ ብዙ ተጽፏል። ታሪኮቹ ስለሚፈጸሙባቸው ቦታዎች ግን አንድ ላይ ተሰባስቦ የሚገኝ ነገር ጥቂት ነው። ይህ ዳሰሳ የተሰናዳው ለዚያ ነው፤ አንድ አንባቢ መጽሐፍ ይዞ የትኛውን አገር ማየት እንደሚችል ለማመልከት። መነሻው እጄ ላይ ያሉት መጻሕፍት ናቸው። ስለዚህ ጎጃም ሰፋ ያለ ቦታ ወስዷል፤ ሌላው ባጭሩ ታልፏል።

አጀማመር

የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ ነው። በ1900 ዓ.ም ሮም ላይ ታተመ። ዛሬ ሁሉም ሰው የሚያውቀው «ጦቢያ» በሚለው ስሙ ነው። በአፍሪካ ቋንቋዎች ከተጻፉት ቀደምት ልቦለዶች አንዱ እንደሆነ አያጠራጥርም፤ የመጀመሪያው ነው የሚሉም አሉ። አፈወርቅ የዘጌ ልጅ ነው። ዘጌ ጣና ዳር ያለ፣ ቡናና ገዳም የሞላበት ባሕረ ገብ መሬት ነው። መጽሐፉ ውስጥ ግን ዘጌን ብትፈልጉ አታገኙም። ጦርነት አለ፣ ምርኮ አለ፣ ደግ ነጋዴ አለ፤ አገሩ የት እንደሆነ አይነገርም።

ቦታ በስሙ መጠራት የጀመረው ቆይቶ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም»ን ሲጽፉ ባለ ታሪኩን አወቀን ከተጉለት አስነሥተው ፓሪስ ላኩት። ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ከዘመዶቹ ልማድ ጋር ይጋጫል። ኅሩይ ራሳቸው ብዙ የዞሩ ሰው ነበሩ። በ1924 ዓ.ም ጃፓን ደርሰው ሲመለሱ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ለአንባቢ አቀረቡ። በዚያ ዘመን ከአዲስ አበባ ሳይወጣ ቶኪዮን ማየት የፈለገ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ አልነበረውም። በ1941 ዓ.ም የወጣው የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» ደግሞ ፈረንሳይ ተምሮ የተመለሰ ወጣትን ይከተላል።

ጎጃም

ስለ ቦታ ከተነሣ ግን የአማርኛ ልቦለድ አውራ ጎጃም ነው። ምክንያቱም በ1958 ዓ.ም የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው።

ሐዲስ የተወለዱት ደብረ ማርቆስ አጠገብ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። በልጅነታቸው ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተዋግተው ተማረኩ፤ ጣሊያን አገር በደሴት ላይ ታሰሩ። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸው በዲፕሎማትነት ኢየሩሳሌም፣ አሜሪካና ለንደን ላይ አለፈ። ብዕራቸው ግን የተመለሰው ወደ ልጅነት አገራቸው ነው። ይህን ያህል ውጭ የኖረ ሰው የዲማን ደጅ እንዲህ አጥርቶ መጻፉ ሁሌ ይደንቀኛል።

ታሪኩ የሚጀምረው ማንኩሳ ነው። ማንኩሳ ዛሬ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በመጽሐፉ ውስጥ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የሚባሉ ገበሬ ባልና ሚስት ይኖሩባታል። ልጃቸውን በዛብህን በስለት ለቤተ ክርስቲያን ይሰጡታል። ከዚህ በኋላ የምናየው የቆሎ ተማሪን ዓለም ነው።

ይህን ዓለም ከሐዲስ የበለጠ ያሳየን የለም። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ውሻ ያባርረዋል። የለመናትን ቁራሽ ጎጆው ገብቶ ይካፈላል። ቀን ይማራል፤ ማታ ቅኔ ይቆጥራል። የጎጃም ቅኔ ቤቶች ለዘመናት የአገሪቱ ሊቃውንት መፍለቂያ ሆነው ኖረዋል። ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋ በእግሩ የሚመጣው ተማሪ ብዙ ነበር። ይህን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው መጽሐፉን ሲያነብ አንዲት ዕቃ እንኳ ቦታዋን አልሳተችም ይላል።

ቀጥሎ ዲማ ይመጣል። ዲማ ጊዮርጊስ ምሥራቅ ጎጃም፣ ብቸና አጠገብ ነው። በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ፊደልና ንባብ ሊያስተምር የሚገባው እዚህ ነው። የፊታውራሪው ግቢ ራሱን የቻለ አገር ነው። አዳራሹ አለ፣ እልፍኙ አለ፣ ጭሰኛው ግብር ይዞ የሚቆምበት ደጅ አለ። ማን የት እንደሚቀመጥና ማን ቆሞ እንደሚቀር እየተነገረን የባላባት ሥርዓት ምን እንደነበር እናያለን። ጉዱ ካሣ ያንን ሁሉ እየተቸ ያልፋል። ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት ሲያምፁ ደግሞ መሬቱና ገደሉ ከእነሱ ጋር ይቆማል፤ ፊታውራሪው ይማረካሉ።

ከዚያ የዓባይ በረሃ ነው። ዛሬ ከጎሐ ፅዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ጠመዝማዛ አስፋልት ነው። መኪና ወደ ታች ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ድልድዩን ይሻገራል፣ መልሶ ያንኑ ያህል ይወጣል። አፋፉ ላይ ጋቢ የለበሰ ሰው ታች ሲደርስ ሸሚዙን ይፈታል። በፍቅር የወደቁት በዛብህና ሰብለ ግን ይህን የሚሻገሩት በእግር ነው፤ እሷም መናኝ መስላ። ንዳድ አለ፣ ሽፍታ አለ፣ የወንዙ ሙላት አለ። ጎጃም ለቀረው አገር ሩቅ የነበረው በዚህ ገደል ምክንያት ነው። መጽሐፉን ያነበበ መንገደኛ አውቶብሱ ደጀን አፋፍ ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ ቁልቁል የሚያየው በከንቱ አይደለም።

ታሪኩ በእውነት የተፈጸመ ነው የሚሉ ጎጃሜዎች ብዙ ናቸው። ቤቱ እዚህ ነበር ብለው የሚጠቁሙም አሉ። ልቦለድ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሆኖም ሐዲስ ከሚያውቁት ሰውና ቦታ መቅዳታቸው አይቀርም።

ዲማን ማንበብ ለማይችል ሰው ያደረሰው ደግሞ ሬዲዮ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚለው ዝግጅት መጽሐፉን ተረከው። ለጉዱ ካሣ አንድ ድምፅ፣ ለፊታውራሪ ሌላ ድምፅ ሰጠ። ብዙ ሰው መጽሐፉን ሲያነብ እንኳ የሚሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው። ጎጃምን በዓይኑ ያላየ የሐረር ወይም የጅማ አድማጭ ዲማን በጆሮው ያውቃታል።

ሸዋ፦ ከደብረ ሲና እስከ ዝቋላ

ዳኛቸው ወርቁ የደብረ ሲና ልጅ ነው። በ1962 ዓ.ም ያሳተመው «አደፍርስ» የሚካሄደው እዚያው በትውልድ አካባቢው ነው። ከተሜው ወጣት አደፍርስ ከባላገሩ ሰው ጋር ይነታረካል። የሰዉ ንግግር፣ ተረትና ምሳሌው፣ ጸሎቱና ሐሜቱ ሁሉ የሰሜን ሸዋ ነው። ከባድ መጽሐፍ ነው፤ ብዙ አንባቢ መሐል ላይ ይተወዋል። ታግሦ የዘለቀው ግን ጣርማ በርን አልፎ ጉም ውስጥ እንደሚወርድ ሰው አገሩን ቀስ እያለ ያየዋል። ዛሬ በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ ደብረ ሲናን የሚያውቃት በመኪና መስኮት በምትገዛው ቆሎ ነው።

ዳኛቸው ሁለተኛውን ታላቅ ልቦለዱን በእንግሊዝኛ ጻፈው። በ1973 እ.ኤ.አ የወጣው «አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» አንድ በሞት አፋፍ ላይ ያለ ፊታውራሪ በልጆቹ ታጅቦ ወደ ዝቋላ ሲሄድ ያሳያል። ዝቋላ ከቢሾፍቱ በስተደቡብ ያለ፣ አናቱ ላይ ሐይቅ የያዘ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም እዚያ ነው። ለአቦ ዝቋላን የወጣ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ጭንቅንቅ፣ የጠበሉን ተራና የለማኙን ጩኸት አይስተውም።

መንዝን በቅርቡ ለአንባቢ ያስተዋወቀው የዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ» ነው። ከመጽሐፉ በኋላ ወደ ሥፍራው የሚሄደው ሰው እንደጨመረ ይነገራል።

አዲስ አበባ

የከተማዋን ቢሮና ሳሎን ለማየት የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ይሻላል። ሌሊቷን ለማየት ግን የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» አለ። ሥፍራው ፒያሳ አካባቢ ያለችው ውቤ በረሃ ናት። ስሟን ያገኘችው ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ነው ይባላል። በረሃ አልነበረችም፤ ቡና ቤትና ጠጅ ቤት የተደረደረባት፣ አዝማሪው እስከ ንጋት የሚዘፍንባት ሰፈር ነበረች። ስብሐት የአድዋ አካባቢ ልጅ ነው፤ ይህችን ሰፈር ግን እንደ ተወላጇ ያውቃታል። የቡና ቤት ሴቶቹን ስማቸውን፣ ዕዳቸውን፣ ቀልዳቸውንና ለቅሷቸውን ይነግረናል። ቋንቋው ግልጥ ስለነበረ መጽሐፉ ለብዙ ዓመታት ሳይታተም ቆየ። በዚያ ጊዜ በእጅ በእጅ ይዞር ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ በፈረንሳይኛ ወጥቷል።

ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰዋል። አዲሱ ጎዳና ሰፊና ንጹሕ ነው። የድሮውን ጠባብ መንገድ፣ የቆርቆሮ አጥሩንና የቀይ መብራቱን ቤት ማየት የሚፈልግ ወጣት ከእንግዲህ የሚያገኘው እነዚህ ገጾች ላይ ነው። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ከገበያ እንዳይጠፉ ማድረግ ቀላል ሥራ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

አስመራ

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም ታተመ። በዓሉ በ1974 ዓ.ም ደርግ በኤርትራ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ሄዶ ነበር፤ ልቦለዱም ከዚያው ወጣ። ባለ ታሪኩ ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም ነው። ቀን በስብሰባና በፕሮፓጋንዳ፣ ማታ በቡና ቤትና በጭፈራ ይውላል፤ ከፊያሜታ ጋርም በፍቅር ይወድቃል። በመጨረሻ ናቅፋ ተራሮች ላይ ጦርነቱን ያየዋል። የከተማዋ ውበትና የተራራው እልቂት ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው መጽሐፉን ከባድ ያደረገው። መጽሐፉ ታገደ፤ በዓሉ ከሥራው ተባረረ። የካቲት 1976 ዓ.ም ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም።

ከ1990 ዓ.ም ጦርነት እስከ ሐምሌ 2010 ድረስ በሁለቱ አገሮች መካከል አውሮፕላንም ስልክም አልነበረም። አንድ ትውልድ ሙሉ አስመራን ሳያይ አደገ። የዚያ ትውልድ ልጅ ስለ ከተማዋ የሚያውቀው ካለ ብዙውን ያገኘው ከ«ኦሮማይ» ነው።

ምዕራብና ደቡብ

በዓሉ ኢሉባቦር ሱጴ የተወለደ ነው፤ «ሀዲስ» በተባለው ልቦለዱም አንድ ወጣት መምህርን ወደ ኢሉባቦር ይዞ ይሄዳል። የቡና ጫካውና ዝናቡ እዚያ አሉ።

ሐመርን ለአማርኛ አንባቢ ያመጣው ፍቅረማርቆስ ደስታ ነው። «ከቡስካ በስተጀርባ» እና ተከታዮቹ ከብት ዝላዩን፣ የኢቫንጋዲን ጭፈራና የቡስካን ተራራ ለከተሜው አሳዩ። ባለ ታሪኮቹን ከሎ ሆራንና ካርለትን የማያውቅ የዚያ ዘመን አንባቢ ጥቂት ነው። አገላለጹ ሐመሮችን ለእንግዳ ዓይን አስጊጦ ያቀርባል የሚል ትችት አለ። ትችቱ መሠረት የለውም ባይባልም፣ ደራሲው አካባቢውን ቀርቦ እንደሚያውቅ ከዝርዝሩ ይታያል።

የጣና ገዳማትን በምሥጢርና በሳይንስ ያዋዛው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ነው። አፋር፣ ሶማሌና ጋምቤላ በአማርኛ ልቦለድ ውስጥ የሚገባቸውን ቦታ ገና አላገኙም።

ሌላው ዓለም በአማርኛ

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ኢትዮጵያን ሳያይ በ1759 እ.ኤ.አ «ራስላስ»ን ጻፈ። ባለ ታሪኩ በአማራ አገር፣ በተራራ በታጠረ የደስታ ሸለቆ ውስጥ የሚኖር ልዑል ነው። ጆንሰን ቀደም ብሎ ፖርቱጋላዊው ቄስ ሎቦ ስለ አገራችን የጻፈውን ተርጉሞ ነበር። የነገሥታት ልጆች በአምባ ግሸን ይጠበቁ እንደነበረ የሚነገረው ታሪክ ወደ ልቦለዱ የገባው በዚህ በኩል ነው። መጽሐፉን ወደ አማርኛ የመለሱት የኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ናቸው። ለመስከረም 21 ግሸን የወጣ ሰው ያንን ሸለቆ ቢያነበው ምን ያህሉ ምናብ፣ ምን ያህሉ እውነት እንደሆነ ራሱ ይለየዋል።

ከሁሉ የሚልቀው የነቢይ መኮንን ሥራ ነው። በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን ልቦለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ተረጎመው። ደብተር አልነበረውም። የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው፤ ብዛቱ 3,000 ያህል እንደነበረ ይነገራል። ጽሑፉ በድብቅ ከእስር ቤት ወጣ። ያ መጽሐፍ ስለ አሜሪካ ጆርጂያ ነው፤ ስለ ጥጥ እርሻ፣ ስለ ቀይ አፈር፣ ስለ አትላንታ መቃጠል።

በውጭ ያደጉት ደራሲዎችም አሉ። ዲናው መንግሥቱ በ2007 እ.ኤ.አ ባሳተመው የመጀመሪያ ልቦለዱ ዋሽንግተን ዲሲ ሎጋን ሰርክል ላይ ሱቅ የከፈተ ኢትዮጵያዊን አሳይቷል። መዓዛ መንግሥቴ በ2019 እ.ኤ.አ ባወጣችው ልቦለድ የጣሊያንን ወረራ በሴት አርበኞች ዓይን ጽፋለች፤ በ2020 ለቡከር ሽልማት ከታጩት የመጨረሻ ስድስት መጻሕፍት አንዱ ሆኗል።

መጽሐፎቹን ማግኘት

«ፍቅር እስከ መቃብር»ና «ኦሮማይ» በየጊዜው ስለሚታተሙ በየመጽሐፍ መደብሩ አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ መጽሐፍ ከደረታቸው እስከ አገጫቸው ደርድረው የሚዞሩት አዟሪዎችም አይጠፋባቸውም። «አደፍርስ» ሲጠፋ ብሔራዊ ትያትርና ለገሃር አካባቢ ያሉትን አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች መጠየቅ ነው፤ ዋጋው ግን ይከብዳል። የአፈወርቅንና የኅሩይን የመሳሰሉ የቆዩ ሥራዎች ለማየት ከ1936 ዓ.ም ጀምሮ ያለው ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) አለ፤ መታወቂያ ይዞ ሄዶ እዚያው ተቀምጦ ማንበብ ይቻላል።