ቡጋቲ ሮያል፦ ገዢ አጥቶ የተረፈው መኪና

ቡጋቲ ሮያል ለነገሥታት ታስቦ የተሠራ መኪና ነው። አንድም ንጉሥ ግን አልገዛውም። የተሠራው በፈረንሳይ፣ አልሳስ ውስጥ፣ ሞልሳይም በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ጊዜው በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል፣ ከ1920ዎቹ አጋማሽ እስከ 1933 ድረስ ነው። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የፋብሪካው ባለቤት ኤቶሬ ቡጋቲ 25 መኪና ሊሠራ አቅዶ ነበር። ከሰባት አላለፈም። ዛሬ ያሉት ስድስት ናቸው።

በፋብሪካው መዝገብ «ታይፕ 41» ይባላል። ርዝመቱ ከስድስት ሜትር በላይ፣ ክብደቱ ሦስት ቶን ገደማ ነው። ከፊትና ከኋላ ጎማው መሐል ያለው ርቀት ብቻ 4.3 ሜትር ነው። ሞተሩ ስምንት ሲሊንደሮች በአንድ ረድፍ የተደረደሩበት ሲሆን መጠኑ 12.7 ሊትር ነው። ዛሬ መንገድ ላይ የምናያት ትንሽ የቤት መኪና ከ1 እስከ 1.6 ሊትር ሞተር ነው ያላት። ካምቢዮው ሦስት ማርሽ ብቻ አለው፤ የሚገኘውም ከሞተሩ ሥር ሳይሆን ከኋላ እግሩ ጋር ተያይዞ ነው። አንደኛ ማርሽ ለመነሳት ነው፣ ሁለተኛው ለሁሉም ነገር፣ ሦስተኛው ደግሞ ረጅም አውራ ጎዳና ላይ ለመፍጠን።

የሞተሩን አሠራር ለመካኒክ ብትነግሩት ራሱን ይይዛል። ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ የላይኛው ክዳን) አይፈታም፤ ከብሎኩ (ከሞተሩ ዋና አካል) ጋር አንድ ላይ ቀልጦ የተሠራ ነው። ስለዚህ ቫልቭ ለማስሞረድ የፈለገ ሰው ግዙፉን ሞተር በሙሉ መበተን አለበት። ኤቶሬ ለውበት እንጂ ለጥገና ብዙም የሚጨነቅ ሰው አልነበረም።

ራዲያተሩ ላይ በኋላ እግሩ የቆመ፣ ኩምቢውን ወደ ላይ ያነሳ የብር ዝሆን አለ። ቅርጹ የኤቶሬ ታናሽ ወንድም የሬምብራንት ቡጋቲ ነው። ሬምብራንት የእንስሳት ቀራጺ ነበር። በ1916 ራሱን አጠፋ፤ ሮያልን አላየውም።

መኪናው ለሽያጭ ሲቀርብ ዓለም ኪሱ ባዶ ሆኖ ነበር። ከ1929 በኋላ የመጣው የኢኮኖሚ ቀውስ ሀብታሞቹንም አደህይቷል። ያለ ቦዲ ባዶ ሻንሲው (ሞተርና ጎማ የያዘው የመኪናው አጽም) ብቻ 30 ሺህ ዶላር ገደማ ይጠየቅበት ነበር። በዚያው ዘመን አሜሪካ ውስጥ አንድ ፎርድ በ500 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ስለዚህ ለውጭ ሰው የተሸጡት ሦስት ብቻ ናቸው። አንዱን የልብስ ነጋዴው አርማን ኤስደር፣ አንዱን ጀርመናዊው ሐኪም ዮሴፍ ፉክስ፣ አንዱን ደግሞ እንግሊዛዊው ካፒቴን ከትበርት ፎስተር ወሰዱ። የቀሩት ሦስቱ ከቡጋቲ ቤተሰብ ጋር ቀሩ።

ለሮያል ተብለው የተሠሩት ሞተሮችም ፋብሪካው ውስጥ ተከምረው ቀሩ። ኤቶሬ ባቡር ላይ ገጠማቸው። በ1933 ሥራ የጀመሩት የቡጋቲ ፈጣን ባቡሮች አራት አራት የሮያል ሞተር ነበራቸው። በ1934 ከእነዚህ አንዱ በሰዓት 196 ኪሎ ሜትር በመሮጥ የፍጥነት ክብረ ወሰን ሰበረ። ፋብሪካውን ከኪሳራ ያዳነው መኪናው ሳይሆን ባቡሩ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መኪኖቹ ግን እንዴት ተረፉ? ዋናው ምክንያት አለመሸጣቸው ይመስለኛል። የቅንጦት መኪና ብዙ ከተነዳ ያረጃል፣ ያረጀውን ደግሞ ወራሽ ይንቀዋል። በጦርነቱ ዘመን ደግሞ ብረት ነው ተብሎ ይቀለጣል። የቤተሰቡ ሦስት ሮያሎች ከዚህ ሁሉ አመለጡ። ፈረንሳይ በናዚ ጀርመን ስትያዝ፣ ከፓሪስ ብዙም በማይርቀው ኤርመኖንቪል፣ በቡጋቲ ይዞታ ውስጥ ግንብ ተገንብቶባቸው ተደበቁ። ጦርነቱ እስኪያልቅ ማንም አላገኛቸውም።

ከተሸጡት ውስጥ እንደ ዶክተር ፉክስ መኪና የተንከራተተ የለም። ቦዲውን የሠራለት ሙኒክ ያለ ቫይንበርገር የሚባል ድርጅት ነበር፤ ጣሪያው በሸራ የሚከፈትና የሚዘጋ ዓይነት። ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ሐኪሙ ከጀርመን ወጣ፤ መኪናውም ተከተለው። ስዊዘርላንድ፣ ጣሊያን፣ ሻንጋይ፣ በመጨረሻም ኒው ዮርክ። እዚያ አንድ ክረምት ደጅ ቆሞ አደረ። ውስጡ የነበረው ውሃ በረዶ ሆነ። ውሃ በረዶ ሲሆን ያብጣል፤ ብሎኩን ሰነጠቀው። ለዚህ መኪና መለዋወጫ ኒው ዮርክ ከየት ይመጣል? መጨረሻው ቁራጭ ብረት የሚከማችበት ግቢ ሆነ።

በ1940ዎቹ የአሜሪካው መኪና አምራች የቢዊክ ዋና መሐንዲስ የነበረው ቻርልስ ቼይን ከዚያ ግቢ አወጣው። የከፈለው 400 ዶላር ገደማ ነው። ዛሬ ይህን ስንሰማ እናዝናለን፤ ያን ጊዜ ግን አሮጌ፣ የማይነሳ፣ ነዳጅ የሚጠጣ ብረት ነበር። ቼይን ብሎኩን ጠገነ፣ መኪናውንም ለመንዳት እንዲመቸው ለወጠ። በአንዱ ካርቡሬተር (ነዳጅን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ክፍል) ፋንታ አራት ገጠመለት። ፍሬኑን ወደ ሃይድሮሊክ ቀየረ። ጥቁሩን ቀለም አስወግዶ ነጭ ከአረንጓዴ ጋር ቀባው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሚሺጋን ለሚገኘው የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም አበረከተው፤ አሁንም እዚያው ነው።

የቅርስ ባለሙያዎች የሚከራከሩት እዚህ ላይ ነው። መኪናውን ወደ ጥንቱ ጥቁር ቀለሙና ወደ አንድ ካርቡሬተሩ እንመልሰው ወይስ ቼይን እንደተወው ይቆይ? እኔ ከሁለተኛዎቹ ጋር ነኝ። ቼይን ባይኖር መኪናው የለም። የእሱ እጅ ያረፈበት ነገር የታሪኩ አካል ነው፤ እሱን ፍቆ ማውጣት ደግሞ ሌላ ዓይነት ማጥፋት ይሆናል። በሌላ በኩል ያሉት ሰዎች ግን ሞኞች አይደሉም። ጎብኚው ነጩን መኪና አይቶ «በ1932 እንዲህ ነበር» ብሎ ቢሄድ ተሳስቷል፤ ያሳሳተውም ሙዚየሙ ነው።

የኤስደር መኪና ጉዳይ ይብሳል። ሰውዬው በማታ አልነዳም ስላለ መኪናው ያለ ፊት መብራት ተሠራለት። ከስድስት ሜትር በላይ የሚረዝመው መኪና የፊት ወንበሩ ለሁለት ሰው ብቻ ነበር። ንድፉን ያወጣው የኤቶሬ ልጅ ዣን ነው፤ ብዙዎች ከሮያሎቹ ሁሉ ቆንጆው ይህ ነበር ይላሉ። በኋላ ሌላ ባለቤት ገዛውና ቦዲው ተነስቶ ቢንደር የሚባል የፓሪስ ድርጅት የተለየ ቦዲ አለበሰው። የመጀመሪያው ቦዲ ጠፋ። ሻንሲው ግን አለ፤ በ1999፣ ያን ጊዜ የቡጋቲን ስም ይዞ የነበረው ፎልክስቫገን ገዝቶታል።

ፈረንሳይ ውስጥ በሙሉዝ ከተማ ያለው ሙዚየም ደግሞ የጠፋውን ቦዲ ከፎቶግራፍ እያየ መልሶ አሠርቷል። ከሥሩ የገጠሙት ክፍሎች ብዙዎቹ ከፋብሪካው የቀሩ እውነተኛ መለዋወጫዎች ናቸው። እንግዲህ አንዱ እውነተኛ ሻንሲ ሌላ ልብስ ለብሷል፣ አንዱ ደግሞ እውነተኛውን መልክ ይዞ ሻንሲው አዲስ ነው። የትኛው ነው የኤስደር መኪና? ሕጉ የሻንሲ ቁጥር ይከተላል፤ ዓይን ግን ቅጂውን ይመርጣል። የቁጥሩም ነገር ቢሆን ሁልጊዜ ጥርት ያለ አይደለም። ኤቶሬ በ1931 ከፓሪስ ወደ ቤቱ ሲመለስ እንቅልፍ ይዞት የመጀመሪያውን ሮያል ከጥቅም ውጪ አደረገው። ቁጥሩ 41100 ግን ኩፔ ናፖሊዮን ወደሚባለው ሌላ ሮያል ተላለፈ።

በዋጋ በኩል ያለው ለውጥ ያስደነግጣል። በ1950 አሜሪካዊው እሽቅድምድም ወዳድ ብሪግስ ከኒንግሃም ተደብቀው ከነበሩት ሁለቱን ከኤቶሬ ልጅ ከሌቤ ቡጋቲ ገዛ። ከጥቂት ሺህ ዶላር በተጨማሪ አዳዲስ ፍሪጆችም መስጠቱ ይተረካል፤ ፈረንሳይ ያን ጊዜ ከጦርነቱ ገና አላገገመችም ነበር። ከእነዚህ አንዱ፣ ኬልነር የሚባለው፣ በ1987 ለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ በክሪስቲስ ጨረታ 5.5 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። ስድስቱ መኪኖች በአንድ ቦታ የቆሙት ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1985፣ ካሊፎርኒያ ፔብል ቢች ላይ ነው።

ሙሉዝ ላይ ያሉት ሁለቱ እውነተኛ ሮያሎች የተረፉት ደግሞ በአንድ ሱሰኛ ሰብሳቢ ምክንያት ነው። ፍሪትዝ ሽሉምፍ ከወንድሙ ሀንስ ጋር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበረው። የቡጋቲ ፍቅር አብዶበት ከያለበት እየገዛ አከማቸ። ኩፔ ናፖሊዮንን ከቡጋቲ ፋብሪካ፣ የካፒቴን ፎስተርን ደግሞ አሜሪካ ከነበረ ሌላ ሰብሳቢ አገኘ። መኪኖቹ ከ400 በላይ ደረሱ፤ ለሕዝብ ግን ተደብቀው ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተንኮታኮተ፣ ወንድማማቾቹ ወደ ስዊዘርላንድ ሸሹ። በ1977 ደመወዛቸው የተቋረጠባቸው ሠራተኞች ግቢውን ተቆጣጥረው በሩን ሲከፍቱ ገንዘባቸው የት እንደገባ በዓይናቸው አዩ። በንዴት ቢያቃጥሉት ማን ይፈርድባቸዋል? ግን ጠበቁት። በቀጣዩ ዓመት የፈረንሳይ መንግሥት ስብስቡን በቅርስነት መዘገበ፤ ተበታትኖ እንዳይሸጥ የተደረገውም በዚህ ነው። ሙዚየሙ በ1982 ተከፈተ።

ሙዚየም ውስጥ የገባ መኪና ሁሉ ዳነ ማለት አይደለም። የቆመ ሞተር ይደርቃል፣ ቤንዚን ይበላሻል፣ ጎማ በቆመበት በኩል ይጠፈጠፋል። ሮያልን ማስነሳት ደግሞ ድፍረት ይጠይቃል፤ አንድ ነገር ቢሰበር መለዋወጫው በእጅ ነው የሚሠራው። ስለዚህ አንዳንዱ በዓመት ጥቂት ጊዜ ይነዳል፣ አንዳንዱ ፈሳሹ ሁሉ ወጥቶ ይቆማል። የሞተሩን ድምፅ መስማት የሚፈልግ ሰው ዕድል ያስፈልገዋል።

ሙሉዝ የሚሄድ ሰው እግረ መንገዱን በዚያው ከተማ ያለውን የባቡር ሙዚየም ማየት አለበት። ከቡጋቲ ባቡሮች የተረፈው አንዱ እዚያ ቆሟል፤ ፊቱ ሾጣጣ ነው፣ የነጂው ክፍልም ከጣሪያው በላይ መሐል ላይ ወጣ ብሎ ይታያል። ብዙ ሰው ሮያሎቹን አይቶ ይመለሳል እንጂ ወደዚያ አይሻገርም።