ፀሐይ ስትለዋወጥ ምድር ምን ይሰማታል?

የፀሐይ ድምቀት ሁሌም አንድ ዓይነት አይደለም። ፊቷ ላይ ጥቁር ነጥቦች ይወጣሉ፣ ይበዛሉ፣ መልሰው ይጠፋሉ። አንዱ ዑደት በአማካይ 11 ዓመት ይፈጃል። ዑደት መኖሩን የደረሰበት ሃይንሪክ ሽቫበ የተባለ ጀርመናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ነው። ከ1826 እስከ 1843 እ.ኤ.አ. ሰማዩ በጠራ ቁጥር ነጥቦቹን ይቆጥር ነበር። እንዲህ ዓይነት ትዕግሥት በእውነት ያስደንቃል።

ነጥቦቹ ጥቁር የሚመስሉት ከዙሪያቸው ስለሚቀዘቅዙ ነው። ታዲያ ሲበዙ ፀሐይ ትደበዝዛለች? አይደለም፤ ትደምቃለች። አብረዋቸው የሚወጡት ደማቅ ቦታዎች ነጥቦቹ ያጎደሉትን ከበቂ በላይ ያካክሳሉ። ከ1978 ጀምሮ ሳተላይቶች ይህን ሲለኩ ቆይተዋል። ምድር ዘንድ የሚደርሰው ጨረር በካሬ ሜትር 1361 ዋት ገደማ ነው። በዑደቱ ጫፍና በዝቅታው መካከል ያለው ልዩነት ግን 1 ዋት አካባቢ ብቻ ነው። የምድርን አማካይ ሙቀት የሚያወዛውዘውም በ0.1 ዲግሪ ያህል ነው። የአልትራቫዮሌት ጨረሩ የበለጠ ስለሚለዋወጥ ላይኛው አየር ውስጥ ያለውን ኦዞን ያሞቃል። የሰሜን አውሮፓን የክረምት ነፋስም ሊነካ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ከ1645 እስከ 1715 ያለውን ዘመን ነው። በነዚያ 70 ዓመታት ነጥቦቹ ከናካቴው ጠፉ ማለት ይቻላል። አውሮፓም በብርድ ትንቀጠቀጥ ነበር። በ1683/84 ክረምት የለንደኑ ቴምዝ ወንዝ ከመጠንከሩ የተነሳ ሰው በረዶው ላይ ገበያ ተከለ። ነገር ግን ብርዱ የጀመረው ነጥቦቹ ከመጥፋታቸው ከብዙ ዘመን በፊት ነው፤ ትላልቅ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታዎችም እጃቸው አለበት። ለወንዙ መርጋትም ድልድዩ አግዟል። የአሮጌው የለንደን ድልድይ ጠባብ ቅስቶች ውኃውን ያዘገዩት ነበር። በ1831 ድልድዩ ከፈረሰ በኋላ እዚያ የበረዶ ገበያ አልታየም።

ወደ እኛ አካባቢ የቀረበ ታሪክም አለ። የነጭ አባይ መነሻ የሆነው የቪክቶሪያ ሐይቅ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ከፍታው ይለካል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነጥቦቹ ሲበዙ ሐይቁም ከፍ፣ ሲቀንሱ ዝቅ ይል ነበር። ተመራማሪዎች የሐይቁን ቁልፍ ያገኙ መሰላቸው። በ1920ዎቹ መጨረሻ ግን ግጥምጥሙ ፈረሰ። በ1961 ከባድ ዝናብ ጣለና ሐይቁ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ2 ሜትር በላይ ከፍ አለ። ነጥቦቹ ግን በዚያን ጊዜ እየቀነሱ ነበር። ሁለት መስመሮች ለጥቂት ዓመታት አብረው ስለሄዱ አንዱ ሌላውን ነዳው ማለት እንደማይቻል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

የዛሬው ሙቀትስ ከፀሐይ ነው? አይደለም። ከ1980ዎቹ ወዲህ የፀሐይ ጉልበት አልጨመረም፤ እንዲያውም ትንሽ ቀንሷል። ምድር ግን መሞቋን ቀጥላለች። ሁለተኛ ማስረጃ አለ። ፀሐይ ብትሆን ኖሮ ላይኛው አየርም በሞቀ ነበር። እየሆነ ያለው ተቃራኒው ነው፦ ታችኛው አየር ይሞቃል፣ ስትራቶስፌር የሚባለው ላይኛው ክፍል ይቀዘቅዛል። ይህ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አሻራ ነው፤ የኦዞን መሳሳትም ለቅዝቃዜው ድርሻ አለው። ፀሐይ እንደ 17ኛው ክፍለ ዘመን ዳግም ብትዳከም እንኳ፣ በስሌቶቹ መሠረት ከሚመጣው ሙቀት የምትቀንስልን ቢበዛ የአንድ ዲግሪ ጥቂት አሥረኛዎችን ነው።