«0.8 ግራም ፕሮቲን በኪሎ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ለጤነኛ አዋቂ በቀን የሚመከረው ፕሮቲን ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.8 ግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 48 ግራም ይሆናል። ብዙዎችን የሚያደናግረው ግራሙ ነው፤ የሚቆጠረው የምግቡ ክብደት ሳይሆን በውስጡ ያለው ፕሮቲን ነው። 50 ግራም ገደማ የሚመዝን እንቁላል የሚሰጠው 6 ግራም ያህል ብቻ ነው።

አዘውትሮ ስፖርት ለሚሠራ ሰው መጠኑ ከ1.2 እስከ 2 ግራም ሊደርስ ይችላል። ፕሮቲን ስለበሉ ብቻ ግን ጡንቻ አይገነባም! ክብደት ስናነሳ ጡንቻችን ፕሮቲኑን ለመጠቀም ይነቃቃል፤ መነቃቃቱም ቢያንስ ለ24 ሰዓት ስለሚቆይ ከጂም እንደወጡ ለመብላት መጣደፍ አያስፈልግም። በየምግብ ሰዓቱ አከፋፍሎ መብላት ይሻላል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን፣ አደራ፣ መጠኑን ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።