የፋሲል መቃብር ግምቡ ውስጥ አይደለም

«ይቅርታ፣ መቃብሩ በየት በኩል ነው?»

ጎንደር ላይ እንግዳ ይዤ የነገሥታቱን ግቢ ስዞር ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ከአዲስ አበባ የመጣውም ይጠይቃል፣ ለጥምቀት ከአሜሪካ የገባውም ይጠይቃል። ሰው ግምቡን ሲያይ ባለቤቱን ይፈልጋል፤ ይገባኛል። የሚያናድደኝ ቀጥሎ ያለው ነው። መልሱን ሳይጠብቅ አንዱን ጨለማ ክፍል መርጦ «እዚህ መሆን አለበት» ይላል። ፎቶ ያነሣል። ማታ ፌስቡክ ላይ «የአፄ ፋሲል መቃብር» ብሎ ይለጥፈዋል። ከሳምንት በኋላ ሌላ እንግዳ ያንኑ ፎቶ በስልኩ ይዞ ይመጣና «ይቺን ቦታ አሳየኝ» ይለኛል።

ሰለቸኝ። ስለዚህ ይህንንም፣ ጆሮዬን ያደከሙትን ሌሎቹንም አንድ ጊዜ ልጻፋቸውና ልገላገል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የበዓል ቀን ሲሆን በእኛው።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

«ግቢው በሙሉ የፋሲል ነው።» አይደለም። የእሳቸው ትልቁ ግምብ ነው። ከዚያ ልጃቸው ዮሐንስ፣ የልጅ ልጃቸው ኢያሱ፣ ቀጥሎ ዳዊት፣ በካፋ፣ በመጨረሻም እቴጌ ምንትዋብ የየራሳቸውን ጨምረዋል። ከመቶ ዓመት ላላነሰ ጊዜ የተገነባበት ግቢ ነው።

«የፋሲል መዋኛ መቼም ቢኬድ ውኃ አለው።» የለውም። ከቀሃ ወንዝ በቦይ ተጠልፎ የሚሞላው ለጥምቀት ነው። በመጋቢት መጥቶ «ውኃውን የት አደረሳችሁት?» ብሎ የተቆጣኝ ሰው አለ። ውኃ ማየት የፈለገ በጥር 11 ይምጣ።

«አርባ አራቱንም ታቦት የተከሉት ፋሲል ናቸው።» የአገሩ ሰው ለእሳቸው የሚቆጥርላቸው ሰባት ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ የታላቁ ኢያሱ ነው፣ ቁስቋም የምንትዋብ።

«አፄ ቴዎድሮስ ጎንደር ነግሠው ጎንደር ተቀበሩ።» ሐውልታቸው ፒያሳ ላይ ስለቆመ ይመስለኛል። የነገሡት ስሜን፣ ደረስጌ ማርያም ነው፣ በ1855። የሞቱት መቅደላ ነው፣ በ1868። መጀመሪያ የተቀበሩትም እዚያው ነው።

አሁን ወደ መቃብሩ።

አፄ ፋሲል ያረፉት ጣና ላይ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። በጀልባ ካልሆነ አይደረስም። አፅማቸው እዚያ ከአፄ ይኩኖ አምላክና ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጋር ተቀምጧል። ጎንደርን በ1636 የቆረቆሩት ንጉሥ ጎንደር የሉም ማለት ነው። አባታቸው አፄ ሱስንዮስ አዘዞ ናቸው፣ ራሳቸው ባሠሩት በገነተ ኢየሱስ። በአውሮፕላን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሚያርፈው አዘዞ ነው። ከአየር ማረፊያው ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሆቴሉ ያልፋል። የፋሲል ልጅ አፄ ዮሐንስ ጠዳ ናቸው። ከባሕር ዳር በመኪና የመጣ ሰው ጠዳን ሳይረግጥ ጎንደር አይገባም፤ ግን «እስቲ ልውረድ» የሚል አላየሁም። ታላቁ ኢያሱ በ1706 ተገደሉና ጣና ላይ፣ ምጥራሃ ደሴት ተቀበሩ።

«ለምን ቤታቸው አልተቀበሩም?» ይሉኛል። በእኛ አገር ንጉሥ ሲሞት የሚፈልገው ግምብ አይደለም፤ ጸሎት ነው። ማኅሌት የሚቆምበት፣ ተዝካር የሚወጣበት፣ መነኮሳት ሌሊትና ቀን ስሙን የሚያነሡበት ቦታ ይፈልጋል። ደሴት ሲሆን ደግሞ ጠላትም በቀላሉ አይደርስበትም። ግምቡ የሚኖሩበት፣ ግብር የሚያበሉበት፣ የሚፈርዱበት ነበር። ሌላ አገር ያየነውን ቤተ መንግሥት እዚህ አምጥተን አንፈልግ።

ይህ ስሕተት ለምን እንደሚያበግነኝ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከመዋኛው አጠገብ በቅስት የቆመች፣ ጉልላት ያላት ትንሽ ክብ ቤት አለች። የአገሩ ሰው የዞብል መቃብር ይላታል። ዞብል ፈረስ ነው፤ የንጉሥ ፈረስ። አንድ ቀን ጋቢ የለበሱ አባት ከልጃቸው ጋር መጡ። እኔ ትኬት ሳስቆርጥ ወደኋላ ቀርቼ ነበር። ስደርስ ጫማቸውን አውልቀው፣ ባዶ እግራቸውን በጉልበታቸው ተንበርክከው ድንጋዩን እየሳሙ ነው። ልጃቸው ኢንተርኔት ላይ «የፋሲል መቃብር» የሚል አንብቦላቸው ኖሯል። «አባባ» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ይቺ የፈረስ መቃብር ናት የምትባለው። ንጉሡ ጣና ናቸው።» ቀና ብለው አዩኝ። ምንም አላሉም። ቁጭ ብለው ጫማቸውን ማሰር ጀመሩ፤ ጣታቸው ግን ማሰሪያውን አልያዝ አለ። እኔ ጎንበስ ብዬ አሰርኩላቸው። ያን ቀን ሳያጣራ የሚለጥፍን ሰው ሁሉ ተቀየምኩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከዚህ ጋር ላያይዝ። ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም። ይህን ሳይነግሯቸው ከሩቅ የሚያመጧቸው እናቶች አሉ። ከደሴ የመጡ አንዲት እናት ጉዟቸውን ያሰናዳው ድርጅት ዳጋን በፕሮግራሙ ውስጥ ጽፎላቸው ነበር። እንደማይገቡ ሲያውቁ ፊታቸው ወደቀ። «እንግዲያው ንጉሥ ሳላይ ልመለስ?» አሉኝ።

በባጃጅ ቁስቋም ወሰድኳቸው።

ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ከከተማው ወጣ ብሎ ዳገት ላይ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ደብር ነው፤ አጠገቡ የኖሩበት ቤተ መንግሥት ፍራሽ አለ። ግድግዳው ላይ በቀይ ድንጋይ የተሠሩ መስቀሎች ዛሬም ይታያሉ። የከተማው ነገር ሲበላሽ እቴጌዋ ተነሥተው እዚህ ገቡ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ያገኛቸው እዚሁ ነው። በ1773 ሞቱ። አፅማቸው በመስታወት በተሸፈነ ሣጥን ውስጥ አለ፣ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱና ከልጅ ልጃቸው ከኢዮአስ ጋር። ኢዮአስን በ1769 ራስ ሚካኤል ስሑል ናቸው ያስገደሏቸው።

ቁልፍ የያዙት አባት ከፈቱልን በኋላ እኚያ እናት ሣጥኑ ፊት ቆሙ። እኔ የለመድኩትን ላወራ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡብኝ። ዝም አልኩ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወደ መስታወቱ ተጠጉ። ትንፋሻቸው መስታወቱ ላይ ጉም ሠራ። «ልጇንም የልጅ ልጇንም ቀብራ ነው የሞተችው?» አሉ። «አዎ እማማ።» «የክርስትና ስሟስ ማነው?» «ወለተ ጊዮርጊስ።» በዚያ ስም ጸለዩላት። ስንት ዓመት አስጎብኝቻለሁ፤ ስሟን የጠየቀኝ ሰው ያን ቀን ነው ያየሁት።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ጎንደር አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ጠዋቱን ለቁስቋም ስጡት፣ ግምቡን ከሰዓት እዩት። ቅዳሴ ሲወጣ ድረሱ። ካህኑን በትሕትና ጠይቁ፤ ቁልፉ ዘግይቶ ቢመጣ አትነጫነጩ። ነጠላ ያዙ። ለደብሩ አስተዋጽኦ ሳትሰጡ አትውጡ። አስጎብኚ ስትቀጥሩ «ቁስቋም አለበት?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከተማውን በሁለት ሰዓት ጨርሰው ወደ ስሜን ተራራ የሚያጣድፉ ፕሮግራሞች ቁስቋምን ነው መጀመሪያ የሚቆርጡት።

ቀጣዩ የፖርቹጋል ነገር ነው። «ግምቡን ፖርቹጋሎች ናቸው የሠሩት፤ እኛ ምን እናውቃለን?» ይላሉ፣ ያውም የእኛው ሰዎች። ዘመኑን አስቡት። አፄ ፋሲል በ1632 ሲነግሡ የአባታቸውን ካቶሊክነት ሻሩ። ኢየሱሳውያን የሚባሉትን፣ አብዛኞቹ ፖርቹጋል የሆኑትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን አባረሩ። ጎንደርን የቆረቆሩት ከዚያ በኋላ ነው። ያባረሩትን ሰው ቤት ሥሩልኝ አይሉትም። በ1648 የየመን ኢማም መልእክተኛ ሐሰን አል ሐይሚ ጎንደር መጥቶ ግምቡን በዓይኑ አይቷል። ሠሪው ሕንዳዊ እንደነበር ጽፏል። ይኸ የዚያው ዘመን ምስክር ነው።

ከውጭ ምንም አልመጣም አልልም። ሱስንዮስ ደንቀዝና ጎርጎራ ላይ ከኢየሱሳውያኑ ጋር ገንብተዋል። በ1541 ከክሪስቶፎር ዳ ጋማ ጋር የመጡት 400 የፖርቹጋል ወታደሮች ዘርም እዚህ ቀርቷል። የሕንድም፣ የቱርክም መልክ ግምቡ ላይ አለ። ግን ድንጋዩን ማን ጠረበው? ኖራውን ማን አቦካው? የአገሩ ሰው ነው። ቤተ እስራኤላውያን ግንበኞችና አናጢዎች ለዚህ ሥራቸው ማዕረግና መሬት አግኝተውበታል። ዛሬ ወለቃ ሄዶ የሸክላ አንበሳ የሚገዛ ሰው የእነዚያን እጆች ዘመዶች መንደር እየረገጠ መሆኑን አያውቅም። ቁስቋም ደግሞ የተሠራው ኢየሱሳውያኑ ከተባረሩ ወደ መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። እሱንስ የትኛው ፖርቹጋል ሠራው?

«ጎንደርን ያፈረሰው ድርቡሽ ነው።» ድርቡሽ፣ የሱዳኑ የመሐዲ ጦር፣ በ1888 ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጥሏል፤ ይህ እውነት ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንብ ወጥቶ አዳነው ይባላል። ነገር ግን ከዚያ 22 ዓመት ቀደም ብሎ ከተማዋን የዘረፉትና ያቃጠሉት የራሳችን ንጉሥ ናቸው፣ አፄ ቴዎድሮስ፣ በ1866። ይህን ስናገር ቅር የሚለው አለ። እኔም አፄ ቴዎድሮስን እወዳለሁ። መውደድ ግን የሆነውን አያጠፋውም። የኢያሱን ግምብ ጣሪያ አልባ ያደረጉት ደግሞ ሌሎች ናቸው። በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶታል። ጣሊያን ግቢውን ጦር ሰፈር አድርጎት ስለነበር በ1941 የእንግሊዝ አውሮፕላን ደበደበው።

ከጣሊያን ጋር ሌላም ነገር አለ። «በሲሚንቶ ቢጠግኑት ይጠነክራል» የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ ኮንትራክተር እንግዶች ሳይቀሩ። ጣሊያን ይህንኑ አድርጎ ነበር። በኋላ የመጡት አዳሾች ሲሚንቶውን እያነሡ ወደ ኖራ መለሱት። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኖራ እርጥበት ያስተነፍሳል። ክረምት የገባው ውኃ በበጋ በኖራው በኩል ይወጣል። ሲሚንቶ ግን ይዘጋበታል። ውኃው መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ይወጣል፣ ድንጋዩም እየተፈረፈረ ያልቃል። ግድግዳው ከጠጋኙ በፊት ይሞታል። ቤታችሁ አሮጌ የኖራ ግድግዳ ካለው ለእናንተም ይሠራል።

መጨረሻ ላይ የሙዚየም ነገር። «ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሙዚየም ነው አይደል?» አይደለም፤ የሚቀደስበት ቤተ ክርስቲያን ነው። ጫማ ይወልቃል። ፍላሽ አይበራም፣ የጣሪያው መላእክት ቀለማቸው በብርሃን ይጎዳልና። ደግሞም ኢያሱ ያሠሩት ክብ ነበር፤ ዛሬ የምታዩት ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ ከእሱ በኋላ የተሠራ ነው። ሙዚየም ከፈለጋችሁ ራስ ግምብ አለላችሁ። የሚካኤል ስሑል ነው ይባላል። በደርግ ጊዜ ሰው የተሠቃየበት ቤት ነው። ያንን ክፍል ስታዩ ሴልፊ አታንሡ፤ የታሰሩት ሰዎች ልጆች ዛሬም በዚህች ከተማ ይኖራሉ።

«የጎንደር ቅርስ ሁሉ ከመቅደላ ተዘርፎ ለንደን ነው ያለው» የሚለውም ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸው መጻሕፍት መቅደላ ላይ በ1868 ተዘርፈዋል። ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት አሉ። ግን ፓሪስም እንዳለ ማን ያውቃል? በ1932 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጥንታዊዎቹን ሥዕሎች ልጠው ወሰዱ። በምትካቸው አዲስ ሥዕል ሠርተው ለጠፉ። ዋናዎቹ ዛሬ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ባለፈው ዓመት አንዲት የታሪክ ተማሪ መጥታ «አባ እንጦንስ ውሰደኝ» አለችኝ። ሌሎቹ እንግዶች ግቢው በር ላይ ፎቶ ሲነሡ እኔና እሷ በባጃጅ ወጣን።