በጨረር የተጎዳ ሬቲና እና ህክምናው፤ ከወሎ ሲታይ

ለካንሰር የሚሰጥ ጨረር ዕጢውን ሲመታ አጠገቡ ያለውን ዓይንም ሊነካ ይችላል። ከዓይን በስተኋላ ያለው፣ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ሬቲና ይባላል። ጨረሩ የሬቲናን ቀጫጭን የደም ስሮች ይጎዳል። አንዳንዶቹ ይደፈናሉ፣ ሌሎቹ ፈሳሽ ያንጠባጥባሉ። ይህ ሕመም የጨረር ሬቲኖፓቲ ነው።

ጨረር የወሰደ ሁሉ አይስጋ። የሚያሰጋው ዓይን፣ አፍንጫ፣ ሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ ያለው የአጥንት ክፍተት) ወይም ጭንቅላት ላይ ሲሰጥ ነው። ለማህፀን በር ወይም ለጡት ካንሰር የታከሙ እናቶች በዚህ አይጨነቁ። ራጅም ይህን አያመጣም። ሬቲናው የሚያገኘው መጠን ከ45 ግሬይ (የጨረር መለኪያ ነው) ሲያልፍ አደጋው ይጨምራል። ስኳር ያለበት ወይም ኬሞቴራፒ የወሰደ ሰው ግን ባነሰ መጠንም ሊጎዳ ይችላል።

ከባዱ ነገር መዘግየቱ ነው። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቆይቶ ነው። ከወሎ የሄደ ታካሚ ጨረሩን የወሰደው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሊሆን ይችላል፤ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ሌላ የጨረር ማዕከል አልነበረም። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዓይኑ ሲደበዝዝ ግን አገሩ ገብቶ እርሻውን ይዟል። ዓይኑን አያመውም። ጎረቤት «ሞራ ነው» ይለዋል። ጨረር ሞራም ያመጣልና ግምቱ ከንቱ አይደለም። ሞራ ግን በቀዶ ህክምና ይነሳል፤ የሬቲና ጉዳት እንዲህ አይነሳም።

ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይን ህክምናው የታወቀ ነው። የትም ቢታከም፣ ታካሚው መጀመሪያ «ጨረር ወስጃለሁ» ይበል። የህክምና ወረቀቱንም ይያዝ። በጨረር የተጎዳ ሬቲና ሲታይ ስኳር የጎዳውን በጣም ይመስላል፤ ሐኪሙ ካልተነገረው ለመለየት ይቸገራል።

የሞቱትን ስሮች የሚመልስ መድኃኒት የለም። የሚደረገው የቀረውን ማትረፍ ነው። አጥርተን የምናይበት የሬቲናው መሀል፣ ማኩላ፣ ሲያብጥ እንደ ቤቫሲዙማብ ያለ መድኃኒት ዓይን ውስጥ በመርፌ ይሰጣል። ሲሰሙት ያስፈራል፤ ነገር ግን ዓይኑ አስቀድሞ ይደነዝዛል። አንድ መርፌ አይበቃም፣ በየወሩ ወይም በየጥቂት ወሩ ይደገማል። ከገጠር ለሚመላለስ ሰው ፈተናው ይሄ ነው። ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒትም እብጠቱን ይቀንሳል፣ ግን የዓይን ግፊት ሊጨምርና ሞራ ሊያፋጥን ይችላል። አዲስ ደካማ ስሮች ከበቀሉ ሌዘር ይሰጣል። ዓይን ውስጥ የፈሰሰ ደም አልጠራ ካለ ደግሞ ቀዶ ህክምና ይደረጋል።

ዓይኑ አጠገብ ጨረር የወሰደ ሰው እይታው ደህና ቢሆንም በየጥቂት ወሩ ሬቲናውን ይታይ። ስኳሩንና ደም ግፊቱን መቆጣጠሩን ግን ሰፈሩ ካለው ጤና ጣቢያ መጀመር ይችላል።