ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ

ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ አንዲት ልጅ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ለምን እንደዘገየ ጠየቀች። ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ «እህቴ፣ ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» አላት። ሰው ሳቀ። ልጅቱም ተቀመጠች። እኔን ከልጅቱ እኩል ተረቱ አሳዘነኝ።

አያቴ ጎጃም ውስጥ ንብ ያነቡ ነበር (መጽሐፍ እንኳ አያነቡም)። ማር የሚቆረጠው አደይ አበባ ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምት ኅዳር ላይ ነው። ያውም ሌሊት። ቀን ላይ ንብ ክፉ ናት። ኩበት ይጨሳል፣ ቀፎው ይከፈታል፣ እኛ ልጆች ራቅ ብለን በጭሱ እናስላለን።

ስፈራው በማግስቱ ነው። ማር እንደ ጤፍ አይሰፈርም። ጣሳው ሞልቶ ሲገለበጥ ቶሎ አይወርድም፤ ይጎተታል፣ እንደ ክር ይቀጥናል። ክሩ እስኪበጠስ ቆሞ መጠበቅ ነው። ከዚያም በኋላ ጣሳው ውስጥ የሚቀር አለ። ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነበር። ገዢዋ «ኧረ አባባ፣ ታች የቀረው የማን ነው?» ትላለች። አያቴ ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ሴቷ አያቴ ከጓዳ «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ!» ይሏቸዋል። ለገዢዋ አይደለም፤ ለባላቸው ነው። አያቴም «እሺ ልጄ» ብለው የቀረውን በጣታቸው ይጠርጉላታል።

የተረቱ ሰዋስውም እንደ ሴቷ አያቴ ነው። የሚሰፍረውና የሚናገረው አንድ ሰው ነው። ተቀባዩ የለበትም።

አሁን ደግሞ የራሴን ልጨምር። ግዕዝ የሚበላውን ማር «መዓር» ይለዋል። ይቅር ማለት «መሐረ» ነው፣ ማስተማር ደግሞ «መሀረ»። ለዚህ ነው ምሕረት በሐመሩ «ሕ»፣ ትምህርት በሃሌታው «ህ» የሚጻፉት። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ሲጥል ሦስቱም «ማር» ላይ ተገናኙ፦ ማር፣ ማረን፣ ተማር። (ለስፔናዊ ማር ባሕር ነው፣ ከላቲኑ ማሬ የመጣ። ለአይስላንዳዊ ደግሞ ተመትቶ የበለዘ ገላ። ሁሉም በየጓሮው የቆረጠው ማር ነው።) እና እኔ የምለው፣ ተረቱ ውስጥ ያለው ሁለተኛው ማር የቀፎው ሳይሆን የምሕረቱ ነው። ሰም ከማር ጋር አንድ ቀፎ ውስጥ እያደረ ቅኔ የሚያውቅ አገር ይህን አላሰበውም ብሎ የሚያሳምነኝ አላገኘሁም። «ጣፋጭ ተናገር ማለት ብቻ ነው፣ አታካብድ» የሚለኝ ጓደኛ አለኝ። ይበል።

ሰብሳቢያችን ግን በየትኛውም ፍቺ አያመልጥም። ጣሳው ያለው እሱ እጅ ላይ ነው። ልጅቱ የጠየቀችው ታች ስለቀረው ነው።