ዙር መጨመር ኃይል አይጨምርም፦ ስለ ዲናሞና ትራንስፎርመር ጥቅል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከቃሊቲ ወደ ገላን፣ ከአያት ወደ ለገጣፎና ሰንዳፋ፣ ከአለም ገና ወደ ሰበታ ስትወጡ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ሥራ አብዛኛው በጥቅል ሽቦ ላይ የቆመ ነው። ወፍጮውን የሚያዞረው ዲናሞ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። የጉድጓድ ውሃ የሚገፋው ፓምፕ ውስጥም ዲናሞ አለ። በርና መስኮት የሚሠራበት የብየዳ ማሽን ልቡ ትራንስፎርመር ነው። ሁሉም የሚሠሩት ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ባሳየው አንድ ባህርይ ነው። በጥቅል ውስጥ የሚያልፍ መግነጢሳዊ መስክ ሲለዋወጥ ሽቦው ላይ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ኢንዳክሽን የምንለው ይህን ነው።

እነዚህ ጥቅሎች ይቃጠላሉ፤ ሲቃጠሉ ወደ ጠቅላይ ይሄዳሉ። በከተማው ዳርቻ እጃቸው የተባረከ ዲናሞ ጠቅላዮች አሉ። ብዙዎቹ ሙያውን የተማሩት ከባለሙያ ጎን ቁጭ ብለው በማየት ነው። ከሙያው ጋር ግን ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ ስህተትም አብሮ ይወረሳል። ዋጋውን የሚከፍለው ባለወፍጮው ነው፤ በየወሩ፣ በመብራት ሂሳብ። ስለዚህ ከመጀመሪያው አንድ ነገር እንያዝ። ጥቅል ኃይል አይፈጥርም። የተሰጠውን ያስተላልፋል፣ ሲያስተላልፍም የተወሰነውን ያባክናል። ብክነቱ በዋናነት መዳቡ ውስጥ እና ብረቱ ውስጥ ነው፤ ሁለቱም ሙቀት ሆነው ይወጣሉ። የጥቅልን ብቃት ማሻሻል ማለት እነዚህን መቀነስ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

«ዙር በጨመርክ ቁጥር ኃይል ይጨምራል»

ይህ አመለካከት ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ትምህርት ቤት ሚስማር ላይ ሽቦ ጠቅልለን፣ ከባትሪ ድንጋይ ጋር አገናኝተን ማግኔት ሠርተናል። ዙር ሲበዛ ብዙ ስፒል ያነሳል። ለዚያ ሙከራ ልክ ነው።

ዲናሞ ግን በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ቮልቴጁ 220 ወይም 380፣ ፍሪኩዌንሲው 50 ኸርዝ ሆኖ ከመስመሩ ይመጣል። እዚህ መስኩን የሚወስነው ቮልቴጁ ለዙሩ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ዙር ሲጨምር መስኩ ይቀንሳል። ዙሩን በ10 በመቶ ብትጨምሩ መስኩ በ9 በመቶ ገደማ ይወርዳል። የዲናሞው ከፍተኛ የማዞር ጉልበት ደግሞ በ17 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከጥቅለላ በኋላ እህል ትንሽ በዛ ሲልበት ቀጥ የሚል ወፍጮ ካጋጠማችሁ፣ መጀመሪያ ዙሩን ጠርጥሩ።

ይህን ያወቁ ሌሎች ተቃራኒውን ያደርጋሉ። «ጉልበት እንዲያገኝ» ብለው ዙር ይቀንሳሉ። መስኩ በርግጥ ይጨምራል። ብረቱ ግን የሚችለው ልክ አለው፤ ከዚያ ካለፈ ይጠግባል። የጠገበ ብረት ትንሽ መስክ ለመጨመር በጣም ብዙ አምፔር ይጠይቃል። ዲናሞው ምንም ሳይፈጭ፣ ባዶውን እየዞረ ይግላል። የአምራቹ ቁጥር በስሌት የተገኘ ነው። አሮጌው ሽቦ ከመጣሉ በፊት ዙሩ ይቆጠር፣ የሽቦው ውፍረት ይለካ፣ የሦስቱ ፌዝ አያያዝ ስታር ይሁን ዴልታ በወረቀት ይስፈር።

ታዲያ የመዳቡ ብክነት በምን ይቀንሳል? ብዙ መዳብ በማስገባት። ስሎቱን፣ ሽቦው የሚገባበትን የብረቱን ቦይ፣ አስቡት። እዚያው ቦታ ላይ ዙሩን እጥፍ ለማድረግ የሽቦው ስፋት በግማሽ መቀነስ አለበት። ርዝመቱ እጥፍ፣ ስፋቱ ግማሽ ሲሆን ሬዚስታንሱ (ሽቦው ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ) 4 እጥፍ ይሆናል። ያንኑ መስክ ለማግኘት የሚያስፈልገው አምፔር ግማሽ ነው፤ ብክነቱም በአምፔሩ ስኩዌር ስለሚሄድ መጨረሻው እኩል ይወጣል። በዙር መጫወት ምንም አላተረፈም። የሚያተርፈው ስሎቱ ውስጥ ባዶ የሚቀረውን ቦታ በመዳብ መሙላት ነው። ሽቦው ሳይጠላለፍ፣ ጎን ለጎን ተደርድሮ ሲገባ ወፍራም ሽቦ የሚይዝ ቦታ ይገኛል።

ብዙ ሰው የማያየው ሌላ ቦታም አለ፤ ከስሎቱ ውጭ የሚቀረው የጥቅሉ ጫፍ። እዚያ ያለው መዳብ ለማዞሩ ብዙም ሳይረዳ ሙሉውን አምፔር ይሸከማል። ለማስገባት እንዲመች ተብሎ ረዘም ተደርጎ የተሠራ ጥቅል ዕድሜ ልኩን ያባክናል። አጭርና ንጹሕ ጫፍ የጥሩ ጠቅላይ ምልክት ነው፤ ለእኔ ከምንም በላይ የሙያ ክብር የሚታየው እዚያ ነው።

«ሁለት 0.5 ሽቦ አንድ 1.0 ይተካል»

አይተካም። ተፈላጊው ቁጥር ገበያ ላይ ሲጠፋ የሚመጣ ሐሳብ ነው። የሚቆጠረው ግን የሽቦው ፊት ስፋት እንጂ ውፍረቱ አይደለም። 1.0 ሚሊ ሜትር ሽቦ 0.785 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። 0.5 ሚሊ ሜትር ግን 0.196 ብቻ ነው። ስለዚህ አራት ያስፈልጋል፤ ወይም ሁለት 0.71። በሁለት 0.5 የተጠቀለለ ዲናሞ ሬዚስታንሱ እጥፍ ነው፤ መዳቡ ውስጥ የሚባክነውም እንደዚያው። ሲለካም ላዩ ላይ ያለው የኢናሜል ሽፋን ተፍቆ በማይክሮሜትር ይሁን።

«አልሙኒየም ሽቦም ያው ነው»፣ «አልሙኒየም ሁሉ ፌክ ነው»

ሁለቱም ስህተት ናቸው። አልሙኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ 61 በመቶ ገደማ ነው። 1.6 እጥፍ ስፋት ካገኘ እኩል ይሠራል። ከመነሻው ለአልሙኒየም ተብለው የተነደፉ ጥሩ ትራንስፎርመሮች ሞልተዋል። ችግሩ ለመዳብ በተሠራ ስሎት ውስጥ ያንኑ ውፍረት ያለው አልሙኒየም ሲገባ ነው። ኢናሜሉ ስለሚሸፍነው፣ አንዳንዱም ላዩ በመዳብ ስለሚለበጥ በቀለም አትለዩትም። ጫፉን ቆርጣችሁ እዩት፤ ውስጡ ነጭ ነው። በእጅ ስትመዝኑትም መዳብ ከ3 እጥፍ በላይ ይከብዳል።

«አሮጌውን ጥቅል በእሳት አቃጥሎ ማውጣት ብረቱን አይጎዳም»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው፤ ጉዳቱ በዓይን አይታይምና።

የዲናሞ ብረት አንድ ወጥ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ ስስ ላሜራዎች ተደራርበው የሚሠራ ነው። በላሜራዎቹ መካከል በጣም ስስ የማግለያ ሽፋን አለ። ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የሚለዋወጥ መስክ ሽቦው ላይ ብቻ ሳይሆን ብረቱ ውስጥም ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ያ ኤሌክትሪክ ብረቱ ውስጥ እየተሽከረከረ በከንቱ ያሞቀዋል። ላሜራው ሲሳሳ ይህ ብክነት በስኩዌር ይቀንሳል፤ ውፍረቱ ግማሽ ሲሆን ብክነቱ ሩብ ይሆናል። ነገሩ ገና በ1830ዎቹ ታውቋል። ያኔ የኢንዳክሽን ጥቅል የሚሠሩ ሰዎች ወጥ ብረት ትተው የቀጭን ብረት ሽቦ እስር መሐል ላይ ማስገባት ጀመሩ፤ ውጤቱም ወዲያው ተሻሻለ።

አሁን ያንን ስስ ሽፋን በጋዝና በእንጨት እሳት ውስጥ አስቡት። በግልጽ እሳት አንዱ ጥግ ከ370 ዲግሪ በላይ በቀላሉ ያልፋል። ሽፋኑ ሲቃጠል ላሜራዎቹ ተገናኝተው እንደ ወጥ ብረት ይሆናሉ። ዲናሞው አዲስ መዳብ ለብሶ ይወጣል፣ ይዞራልም። ነገር ግን ከበፊቱ ይልቅ ይግላል፣ ቆጣሪውም ይሮጣል። ስሎቱን በግራይንደር መሞረድም ያንኑ ጉዳት ያመጣል። የብየዳ ማሽን ኮር (መሐሉ ላይ ያለው ብረት) ጠርዙን በብየዳ ማያያዝም እንዲሁ ነው።

መፍትሔው ሙቀቱ የሚለካበት ምድጃ ነው፤ ከ370 ዲግሪ ሳያልፍ። ምድጃ ከሌለ አንዱን ጫፍ ቆርጦ፣ ሞቅ አድርጎ በትዕግሥት መጎተት። ሥራው ይበዛል፤ ብረቱ ግን ይተርፋል። «አንዴ የተጠቀለለ ዲናሞ እንደ ድሮው አይሆንም» የሚባለውም ስለዚህ ሐሰት ነው። የጥገና ባለሙያዎች ማኅበራት የሆኑት ኢአሳ እና ኤኢኤምቲ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ በሥርዓቱ የተጠቀለሉ ሞተሮች ብቃታቸውን ጠብቀው ተገኝተዋል።

«አገሩ ብርድ ስለሆነ ዲናሞ አይግልም»

ግማሽ እውነት አለው። ሞተር ላይ የሚለጠፈው ኃይል በአብዛኛው የሚሠራው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ እና እስከ 40 ዲግሪ የአየር ሙቀት ነው። የአዲስ አበባ ዙሪያ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ አይወስድም። ብርዱ ይህን በአመዛኙ ያካክሳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ክንፎቹ በዱቄት ተሸፍነው፣ ማራገቢያው ተሰብሮ ለሚሠራ የወፍጮ ዲናሞ ግን ብርዱ አይደርስለትም። መዳብ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሙቀቱ በ80 ዲግሪ ከጨመረ ብክነቱ በ30 በመቶ ያህል ያድጋል፤ ያም ተመልሶ ያሞቀዋል። ዱቄቱን መጥረግ ነፃ የሆነ የብቃት ማሻሻያ ነው። ቫርኒሽም እንዲሁ ለውበት አይደለም። በሽቦዎቹ መካከል ያለውን አየር ሞልቶ ሙቀቱን ወደ ብረቱ ያሻግራል፤ ስለዚህ ላዩን በብሩሽ መቀባት አይበቃም፣ ውስጥ ድረስ ይግባ።

«ቮልቴጅ ሲወርድ መብራት ይቆጥባል»

ለአምፖል ሊሆን ይችላል፤ ጭነት ለተሸከመ ዲናሞ ግን አይሠራም። በመስመር ጫፍ ያሉ ሰፈሮች ይህን በደንብ ያውቁታል። 380 የነበረው ወደ 340 ሲወርድ የማዞር ጉልበቱ ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። ዲናሞው ያንኑ ሥራ ለመሥራት ተጨማሪ አምፔር ይስባል፣ መዳቡም ይግላል። ከመስመሩ የሚመጣውን መቀየር ባትችሉ፣ ከቆጣሪ እስከ ዲናሞ ያለውን ኬብል ማወፈር ግን በእጃችሁ ነው።

«ካፓሲተር ወይም ሶኬት ላይ የሚሰካ ቆጣቢ ሂሳብ ይቀንሳል»

የቤት ቆጣሪ የሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት ነው። ካፓሲተር በመስመሩ ላይ የሚመላለሰውን አምፔር ይቀንሳል እንጂ ዲናሞው የበላውን ኪሎዋት አይቀንስም። ትልልቅ ፋብሪካዎች በፓወር ፋክተር (ከመስመሩ ከሚሳበው ምን ያህሉ ሥራ ላይ እንደሚውል በሚያሳየው ልክ) ምክንያት ይጠቀሙበታል። ለመኖሪያ ቤት የሚሸጠው ትንሽ ሣጥን ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

«ጥቅልና ማግኔት ካለ ያለ ነዳጅ ጀነሬተር ይሠራል»

አይሠራም። የፓሪሱ መሣሪያ ሠሪ ሩምኮርፍ ከባትሪ ተነሥቶ ረጅም ብልጭታ የሚያወጣ ጥቅል ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1864 የ50,000 ፍራንክ ሽልማት አግኝቷል። ቮልቴጁ በሺዎች እጥፍ ሲጨምር አምፔሩ ግን በዚያው ልክ ወርዷል፤ ኃይል አልተጨመረም። የመኪና ኮይልም ከ12 ቮልት ተነሥቶ ከ20,000 በላይ የሚያወጣው በዚሁ መንገድ ነው።

«ከዞረ ተጠግኗል»

መዞር ፈተና አይደለም። ዲናሞውን ከጠቅላዩ ስትረከቡ ባዶውን ይዙር፣ በሦስቱም ፌዝ ላይ አምፔሩ በክላምፕ ሜትር ይለካ። ሦስቱ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። መካከለኛ መጠን ላለው ዲናሞ ደግሞ ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው አምፔር ከሩብ እስከ ግማሽ ቢሆን ጤናማ ነው። ከዚያ በጣም ከበለጠ ወይ ዙሩ አንሷል፣ ወይ ብረቱ ተጎድቷል። በጥቅሉና በአካሉ መካከል ያለው ማግለያ በሜገር (የማግለያ መለኪያ መሣሪያ) ሲለካ ከ5 ሜጋኦም በታች ከሆነ አትቀበሉት። ቁጥሮቹን ጠቅላዩ በወረቀት ይስጣችሁ፤ ዲናሞው አጠገብ አስቀምጡት፣ በሚቀጥለው ዓመት ስትለኩ የምታነጻጽሩት ከእሱ ጋር ነው።